ቫሌንሲያ ያልኩት እኔ ነኝ

እኔና ወንድሜ ባሕር አይተን አናውቅም። ያም ሆኖ በባሕር ተጣልተናል፤ ጠባችንም የሰው ደም ሳያፈስ አልበረደም። ይህን የምጽፈው ለንስሐ አይደለም፤ ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። የምጽፈው ሰው አሳስቶ ሲያወራው ስለምሰማ ነው። አንዳንዱ በመሬት ተጣሉ ይላል፣ አንዳንዱ በውርስ። በመሬትም በውርስም አልተጣላንም። የተጣላነው ለእረፍት የት እንሂድ በሚል ነው።

ቢቸና ገበያ ውስጥ እህል እሸጣለሁ። ጤፍ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሚዛኔን ይወዳል እንጂ ምላሴን አይወድም። ባሌ ከብዙ ዓመት በፊት ጥሎኝ ሲሄድ ለሽማግሌዎቹ የሰጠው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ምላሷ ዱላ ቢሆን ችዬው እኖር ነበር አለ አሉ። እውነቱን ነው። ስቆጣ እጄ ላይ ያለውን እወረውራለሁ፤ እጄ ባዶ ከሆነ ቃል እወረውራለሁ፤ ቃሌ ደግሞ ስቶ አያውቅም። ወንድሜ በአምስት ዓመት ያንሰኛል፣ ዝምተኛ ነው፣ ከሞጣ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ያባታችን መሬት ላይ ያርሳል። በእኔና በእሱ መካከል ደብረ ወርቅና ግንደወይን አሉ። መንገድ ክፍት በሆነ ቀን ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ በተዘጋ ቀን ግን ስልክም አይገባም።

አንዲት ልጅ አለችኝ። ስፔን አገር፣ ማድሪድ ውስጥ፣ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ያገባችውም የዚያው አገር ሰው ነው። ዓምና ደወለችና፣ እዚህ ነሐሴ ላይ ሥራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ወደ ባሕር ነው የሚሄደው፣ አንቺና አጎቴ ኑና አብረን እንረፍ አለችኝ። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፣ ምን ልበላ ነው አልኳት። ሽሮሽን ይዘሽ ነይ አለች። አጎቷን የጨመረችው ብቻዬን አውሮፕላን እንደማልሳፈር ስለምታውቅ ነው። ደግሞም እንደ አባት ያሳደጋት እሱ ነው፤ አባቷ ጥሎን ከሄደ ወዲህ ክረምት ክረምቱን ሞጣ እሱ ዘንድ ነበር የምትከርመው።

አዲስ አበባ ተመላልሰን አሻራ ሰጠን፣ ወረቀት ላይ ወረቀት አስተረጎምን፣ ሰኔ ላይ የሁለታችንም ቪዛ መጣ። የቀረው ከተማ መምረጥ ብቻ ነበር። ልጄ ሁለት አቀረበችልን፤ ቫሌንሲያና ማላጋ። ሁለቱም የባሕር ጠረፍ ናቸው፣ በየትኛው ከተማ ቤት ልከራይላችሁ አለች። ባሏ ሁለቱንም ስለሚያውቃቸው ምርጫው የእናንተ ይሁን ብሏል አለችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ምረጪ ብሎ የሰጠኝ ነገር ስላልነበረ ኮራሁበት።

ኔትዎርክ በመጣ ቀን ፎቶው ተግተልትሎ ገባ። ያን ሰሞን በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ከተማ ያልመረጠልኝ ሰው አልነበረም። ጨው የምትሸጠው ጎረቤቴ ቫሌንሲያ ይሻልሻል አለች፤ አሸዋው ሰፊ ነው፣ ሰው አይጋፋሽም ብላ። የንስሐ አባቴ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አሸዋው ላይ የተጋደሙትን ሰዎች ለረጅም ጊዜ አዩና፣ እነዚህ ሁሉ ታመው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ፀሐይ እየሞቁ ነው አልኳቸው። እኛስ ፀሐዩን መች አጣነው ብለው መለሱልኝ። ልጄ ደግሞ ቫሌንሲያ ሩዙን ከቀንድ አውጣ ጋር ይቀቅሉታል ስትለኝ ልቤ ወደ ማላጋ አደላ።

የወንድሜ ምርጫ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማላጋ ነበር። በማላጋው ፎቶ ከባሕሩ ጀርባ ተራራ አለ፤ ተራራ ካለበት አገር አልጠፋም አለኝ። ከሁሉ በላይ የገረመው ግን ውሃው ነው። ዓባይም ማዶ አለው፣ ጣናም ማዶ አለው፣ ማዶ የሌለው ውሃ ምን ይዞት እንደሚቆም ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ወንድሜ እፈልጋለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከገበያ አዲስ ጫማ ገዛ፣ ሚስቱ ሸሚዝ አሰፋችለት፣ የማላጋውንም ፎቶ ሞጣ ከተማ በወረቀት አሳጥቦ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እሱ ግን ናፍቆ ነበር።

ከዚያ ሌላ ፎቶ መጣ። ጎረቤቴ የሆነች፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የሞጣ ልጅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳን ይዛ መጣች። ቫሌንሲያ እኮ ያገራችን ሰዎች አሉ አለችኝ፤ ደስ የምታሰኘኝ መስሏት ነው። ሐበሾች ተሰብስበው የተነሡት ፎቶ ነው፤ ስድስት ሆነው አሸዋ ላይ ቁጭ ብለው ሐብሐብ ይበላሉ። ከዳር ያለው ሸብቷል፣ ቁምጣ ለብሷል፣ ውሃው እግሩን ነክቶታል። አባቴን የገደለው ሰው ነበር።

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በምን አወቅሽው የሚል ይኖራል። በጆሮው ነው ያወቅኩት። የግራ ጆሮው ግማሽ የለም። ግማሹን ነክሼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ምሳ ይዤ ወደ ማሳ ወረድኩ። አባቴ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ቆሞ ይጨቃጨቃል፤ ያ ሰው ያኔ ሃያ ያልሞላው ጎረምሳ ነው። ነገሩ አንድ ትልም ከድንበሩ አለፈ የሚል ነበር። አባቴ ሰድቦት ዘወር አለና እርፉን ጨበጠ። ሰውየው መጥረቢያውን አንሥቶ ከኋላው ማጅራቱን መታው። አባቴ በጉልበቱ ወደቀ፣ በሬዎቹም ቆሙ። ሁለተኛ ጭንቅላቱን መታው፤ ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር። እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማኝ። ምሳውን ጥዬ ሮጥኩና ጀርባው ላይ ተንጠልጥዬ ጆሮውን በጥርሴ ያዝኩት። ሲወረውረኝ ቁራጩ አፌ ውስጥ ቀረ። ሰዎች እስኪደርሱ ድረስ አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ዝንብ ስከለክል ነበር፤ ቁራጩን የተፋሁትም ሰዎቹ ሲመጡ ነው።

ሰውየው ታሰረ፣ ዓመታት ቆይቶ ተፈታ፣ ከዚያ በሱዳን በኩል ወጣ ተባለና ደብዛው ጠፋ። እናቴ በደም የደረቀውን ያባቴን ጋቢ ሳታጥበው ሳጥን ውስጥ አኖረችው። በየሙት ዓመቱ ታወጣና ወንድሜ ጭን ላይ ታነጥፈው ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ጀመረች፣ እሷ እስክትሞት አላቋረጠችም። ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲመጡ በድንጋይ አባረረቻቸው። ብዙ ለምነው ያገኙት ግማሽ እርቅ ነው። እኛ መሣሪያ ላናነሣ፣ የገዳዩ ወገን ደግሞ እኛን ባየ ቁጥር መንገድ ሊለቅ ተማማልን።

መንገድ መልቀቅ በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። የገዳይ ወገን የሆነ ወንድ የሟችን ወገን በመንገድ ካገኘ ከመንገዱ ይወርዳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ሰውየው እስኪያልፍ ይቆማል። የገዳዩ ታናሽ ወንድም ከወንድሜ ማሳ አጠገብ ያርስ ነበር። አባቴ ሲገደል ገና ጡት አልጣለም ነበር። በእግሩ መሄድ ከቻለበት ቀን ጀምሮ ለእኛ ከመንገድ ሲወርድ ነው ያደገው። በገበያ ቀን ወደ ሞጣ ሲወጡ ከወንድሜ ጋር ይገናኛሉ፤ እሱም ቦይ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ወንድሜ አንድ ጊዜ ያሳፍረኛል ብሎኝ ነበር። ያላጠፋ ሰው ቆሞልኝ ቀና ብዬ ማለፍ አቃተኝ፣ አሁን አሁን በሌላ መንገድ እየዞርኩ ነው የምሄደው አለ። ይቁም፣ አባታችን ተኝቶ የለ ወይ አልኩት።

እናቴ ስትሞት ጋቢውንም ምላሷንም የወረስኩ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ ላይ፣ ያባቱን ደም ያልመለሰ ጠጅ አይጠጣም ብዬ ብርሌውን ከወንድሜ እጅ ነጥቄ መሬት ላይ አፍስሼዋለሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ የብርሌውን ስባሪ በእጁ ለቀመ፣ ሕፃናት እንዳይረግጡት ብሎ ነው። ያን ጊዜ ያንን ፍርሃት ነበር ያልኩት።

ፎቶውን ባየሁ ቀን ለልጄ ቫሌንሲያ አልኳት። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ አሸዋው ሰፊ ነው አልኩ። ለወንድሜ ግን እውነቱን ነገርኩት። አባቴ አፈር በልቶ እሱ ሐብሐብ ይበላል፣ ያውም ቁምጣ ለብሶ አልኩት። ያወጣሁት ዕቅድ ቀላል ነው። ቫሌንሲያ እንደደረስን አደባባዩ ላይ ቆመን የሞጣውን፣ ጆሮ ቆራጣውን ሰው የሚያውቅ አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን፣ ቤቱን ያሳዩናል፤ ቢላ ደግሞ የትም አገር አይጠፋም። ቢቸና ውስጥ አንድ ሰው ለማግኘት ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም፤ ቫሌንሲያ የሚከብደው በምንድን ነው ብዬ አሰብኩ።

ወንድሜ ማላጋ ካልሆነ እቀራለሁ አለኝ። ዘጋሁበት። ደግሜ ደውዬ ሰደብኩት፣ እንደገናም ዘጋሁበት። በማግሥቱም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ልጄ በመሐል እየደወለች ቤቱ ሊያዝብኝ ነው፣ ቶሎ ወስኑልኝ ትላለች። ሁለት ሽማግሌዎች ለአንድ የባሕር አሸዋ እንዲህ ይጣላሉ ብላም ትስቅብን ነበር።

በሳምንቱ ወንድሜ ራሱ ቢቸና መጣ። ፊት ለፊት ከነገርኳት ትሰማኛለች ብሎ ነው። ድንችና አንድ ማሰሮ ማር ይዞልኝ መጥቶ ነበር። መጋዘኔ ውስጥ በጆንያዎቹ መሐል ቆምን፤ እንዲቀመጥ አልጋበዝኩትም። ልጅቷን አስቢያት አለኝ፤ በሰው አገር ደም ብናፈስ ትዳሯም ኑሮዋም ያበቃል አለ። ይህን እኔም አስቤው ነበር፣ አስቤ ነው የተውኩት። ልጅቷን መደበቂያ አታድርጋት፣ የምታስበው ለራስህ ነፍስ ነው አልኩት። ያኔ ነው በቀጥታ ዓይኔን ያየኝ።

"እታለም፣ ሰው ለመግደል ባሕር አልሻገርም" አለኝ።

"ባሕር የማይሻገር ወንድ ወንዝም አይሻገር። ያባትህን መሬት ልቀቅና ለወንድ ይሰጥ" አልኩት።

ይህን ብዬ ሚዛኑ ላይ የነበረውን የሁለት ኪሎ ብረት ወረወርኩበት። ቅንድቡ ላይ አረፈ። ቆዳው ተከፍቶ ደሙ በዓይኑ ላይ ወረደ፤ ጆንያውን ተደግፎ ቁጭ አለ። መምታቴ አላስደነገጠኝም። ያናደደኝ አለመመለሱ ነው፤ አንድ ጥፊ ቢያቀምሰኝ ምናልባት ይበርድልኝ ነበር። እሱ ግን ፎጣውን አውልቆ ዓይኑን ጠረገና፣ ጤፉ ላይ ደም ተንጠባጥቧል፣ ያንን ለሰው እንዳትሸጪው አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መናኸሪያ ሄደ። ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ ልጅ መንገድ ላይ አግኝታ ነው የሰፋችለት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን በአፌ ብቻ አልበቃኝም። ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ፤ ያ ሰው ሐብሐብ ሲበላ እየታየኝ። በአራተኛው ቀን አንድ እንዝርትና አንድ እፍኝ ባዘቶ ፌስታል ውስጥ ቋጠርኩ። በኛ አገር ለወንድ እንዝርት ላከችለት ማለት ሴት ሆነህ ቁጭ ብለህ ፍተል ማለት ነው፤ ከዚያ የከፋ ስድብ የለም። ስድቡን ተቀብሎ ከሰው ጋር የሚኖር ወንድ አላየሁም። ወደ ሞጣ ለሚሄድ የሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁትና በእጁ ለራሱ ስጥልኝ አልኩት። ሹፌሩ ምን እንደያዘ አያውቅም።

ሹፌሩ የታዘዘውን አደረገ። ቤቱ ቢሄድ ወንድሜ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ላይ ነው ተባለ፤ እዚያው ሄዶ ሰጠው። ወንዶቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ጠላው እየተቀዳ ነው። ወንድሜ ከእኔ መሆኑን ሲሰማ ማስታረቂያ የላክሁለት መስሎት ፈገግ ብሎ ከፈተው አሉ። ባዘቶው ጭኑ ላይ ወደቀ፣ እንዝርቱ ተንከባሎ ቄሱ እግር ሥር ቆመ። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ ጠላ የምትቀዳው እሷ ነበረች። ማንም አልሳቀም አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ማነው የላከልህ ብለው ጠየቁት። እኅቴ ናት አለ። ጽዋውን አጠገቡ ላለው ሰው አቀብሎ ተነሣና ወጣ።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ሐምሌ ስለሆነ ቦዩ ሁሉ ጎርፍ ይዟል። ወንድሜ ክላሹን አንግቶ ወጣ፤ በዚያም ቀን በሌላ መንገድ አልዞረም። የገዳዩ ታናሽ ወንድም አህያ ላይ ድንች ጭኖ ይመጣ ነበር። ወንድሜን ሲያይ አህያውን ወደ ዳር ነዳ፣ እንደ ልማዱ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ጭቃው እስከ ባቱ ዋጠው፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ወንድሜ እፊቱ ሲደርስ ቆመ። ከኋላ የሚመጡት ሰዎች ሁሉ አብረው ቆሙ። ወንድሜ አላልፍ ሲለው ሰውየው ቀና አለ።

"ይለፉ ጋሼ" አለው።

ወንድሜ ደረቱ ላይ ተኮሰበት። ሰውየው በጀርባው ጎርፉ ውስጥ ወደቀ። ቀርቦ ከላይ ሆኖ ደገመው፣ ሁለተኛው ፊቱን አጠፋው። አህያው በርግጎ ድንቹን በየመንገዱ ዘራው፣ ገበያተኛው እየጮኸ ተበተነ፣ የቦዩ ውሃ ቀልቶ ወደ ታች ወረደ። ወንድሜ ባርኔጣውን ከጭቃው አንሥቶ ሬሳው ላይ አስቀመጠለት አሉ። ከዚያ በእግሩ ሞጣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፣ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ገድያለሁ አለ።

ለእኔ የደወለችልኝ ሚስቱ ናት። እያለቀሰች ስለነበር የሰማሁት ወንድምሽ ያባቱን ደም መለሰ የሚለውን ብቻ ነው። እልል አልኩ። ይህን መደበቅ እችል ነበር፣ ነገር ግን መላው ቢቸና ገበያ ሰምቶታል። በረንዳዬ ላይ ወጥቼ ደጋግሜ እልል አልኩ፣ ሴቶች ልጅሽ ወለደች ወይ እያሉ ተሰበሰቡ። ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር። ከዚያ ነው ማንን ብዬ የጠየቅኩት። ታናሽየውን፣ መንገድ ለቆለት ቆሞ ሳለ አለችኝ። ከከበቡኝ ሴቶች መሐል አንዷ አሁንም እልልታዬን እየተቀበለች ነበር፤ አፏን በእጄ ያዝኩት።

የዚያን ዕለት ከቀብር መልስ የሟች ወገኖች ወደ ወንድሜ ቤት መጡ። በረት ገብተው የሁለቱን በሬዎች ቋንጃ በመጥረቢያ ቆረጡ፤ በሬዎቹ በፊት እግራቸው እየዳኹ ሲጮኹ ቤቱን ለኮሱት። ጫማው፣ ሸሚዙ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፈው ፎቶ፣ ሁሉም አብሮ ነደደ። ሚስቱና ሃያ ዓመት የሞላው አንድ ልጃቸው በበቆሎው መሐል አምልጠው ግንደወይን ወጡ፣ ከዚያ በአይሱዙ ተጭነው ወደ እኔ መጡ። ክንዷ ተቃጥሎ ቆዳው ተልጦ ነበር። እንደገባች እጄን ልትስመኝ ስትጎነብስ ሸሸሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ከቤቴ አይወጣም። እሱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው፣ ያንን ደግሞ የሟች ወገኖችም ያውቃሉ።

ልጄ ደወለች። የቤቱ ባለቤት መልስ ዛሬውኑ ይፈልጋል፣ ቫሌንሲያ ወይስ ማላጋ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፎቶውን፣ ዕቅዴን፣ እንዝርቱን፣ ቦዩን። አልጮኸችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"እማዬ፣ ቫሌንሲያ እኮ ትልቅ ከተማ ናት፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም። እንዴት ልታገኙት ነበር?"

አደባባዩ ላይ እንጠይቃለን ልላት አፍሬ ተውኩት። ሄደን ቢሆን ኖሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስዞር ከርሜ ሳላገኘው እመለስ ነበር፤ ወንድሜም በቫሌንሲያም ቢሆን ባሕሩን አይቶ ይመጣ ነበር፤ ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል። ልጄ ቤቱን ሰረዘችው። ከዚያ ወዲህ ትደውላለች፤ ስለ ጤናዬ ጠይቃ፣ ለአጎቴ ልብስ ይግዙለት ብላ ትዘጋለች። አንቺ ትለኝ የነበረችው ልጅ እርስዎ ማለት ጀምራለች።

መንገድ ሲከፈት ሞጣ ልጠይቀው ሄድኩ። ከመናኸሪያው ወደ እስር ቤቱ ስሄድ ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው የሚመጡ ሴቶች አየሁ። መሐል ያለችው የሟች ሚስት መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ሴት መንገድ ትልቀቅ የሚል ደንብ የለም። እግሬ ግን በራሱ ወረደ፤ ቦዩ ውስጥ ቆምኩ፣ ነጠላዬን አወረድኩ፣ መሬት መሬት አየሁ። ቀስ ብለው ነው ያለፉት። ቀና ብዬ ይለፉ ብል ምን እንደሚያደርጉኝ አሰብኩ፤ ቀና አላልኩም። ሟቹ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርገው ኖሯል።

ወንድሜ ከሽቦው ማዶ ቆሞ ጠበቀኝ። ቅንድቡ ላይ እኔ ያተረፍኩለት ጠባሳ አለ። ያመጣሁለትን ምግብ ዘበኛው ፈትሾ አስገባለት። ስለ ሚስቱ ክንድ ጠየቀኝ፣ ስለ በሬዎቹ ጠየቀኝ፤ በሬዎቹን ሰው አርዶ እንደገላገላቸው ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። እኔም በመጨረሻ ማላጋን ለምን እንደመረጠ ጠየቅኩት፤ ለተራራው ብቻ ነበር ወይ አልኩት።

ፎቶውን እኔ ከማየቴ ከብዙ ወር በፊት አይቶት ነበር። ሰውየው ቫሌንሲያ መሆኑን ስላወቀ ነው ሌላኛውን ከተማ የያዘው። እኔ ያንን ፎቶ አንድ ቀን ባየው እንኳ ከሰውየው እንዳንገናኝ ብሎ ነው። ባሕሩንም በእርግጥ ማየት ፈልጎ ነበር፤ ይህን ሲል ወደ ሌላ ቦታ ያይ ነበር። ፈርተኸው ነበር ወይ አልኩት፤ ይህን የጠየቅኩት ለስድብ አልነበረም።

"እሱን አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ የፈራሁት አንድ ሰው ነው፤ አንቺን" አለኝ።

ዘበኛው ሰዓት አልቋል አለ። ወንድሜ ሽቦውን ይዞ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ልጄ ቤትሽ ነው ያለው። እታለም፣ ምንም እንዳትዪው።"

እሺ አልኩት። አላመነኝም፣ በመድኃኔ ዓለም አስማለኝ፤ ማልኩለት። ቢቸና ስደርስ ልጁ በጆንያዎቹ መሐል ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። የደረሰበት ሁሉ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ስለ ተቃጠለው ቤታቸው፣ ቋንጃቸው ስለ ተቆረጠ በሬዎች፣ ስለ እናቱ ክንድ ሲያስብ ነው የዋለው። መንጋጋውን ነክሶ፣ አባቴ ምን አለ፣ ምን አድርግ አለኝ ብሎ ጠየቀኝ። ምላሴ ላይ ምን ምን እንደመጣ እግዚአብሔር ያውቃል። ደህና ነው፣ ምንም አድርግ አላለህም አልኩትና እራት ላቀርብለት ወደ ጓዳ ገባሁ።